ልጁ ፖለቲካ እማራለሁ ብሏል፤ ምን ሊማር ነው?

እንግሊዝ አገር ባሉ የሐበሻ ቤቶች ነሐሴ ሲጋመስ አንድ ክርክር ይነሳል። በ16 ዓመት የሚወሰደው የጂሲኤስኢ ፈተና ውጤት ወጥቷል። የ16 ዓመቱ ልጅ ለሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የሚማራቸውን ሦስት ትምህርቶች መቁረጥ አለበት። ሒሳብ ሲል ሁሉም ደስ ይለዋል። ኬሚስትሪ ሲል እናት ልጇን በነጭ ጋውን ማየት ትጀምራለች። ሦስተኛውን ሲጠየቅ «ፖለቲካ» ያለ እንደሆነ ግን ነገር ይበላሻል። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የሚለው ምክር አብሮን ተሳፍሮ መጥቷል።

ምክሩ ከሜዳ አልተነሳም። በአገራችን ፖለቲካ ሰው አሳስሯል፣ አሰድዷል፣ አስገድሏል። ብዙዎቻችን እዚህ የተገኘነው በዚያ ሰበብ ነው። ልጁ የፈለገው ግን ፓርቲ መግባት አይደለም። ሥልጣን እንዴት እንደሚያዝ፣ በምን እንደሚገደብ፣ ሰዎች ስለ እሱ ምን ብለው ሲከራከሩ እንደኖሩ ማወቅ ነው። በዚያ ላይ አንድ ከባድ ችሎታ ይለምዳል፤ የማይስማማበትን ሐሳብ ከባለቤቱ ባልተናነሰ አሳምሮ ማቅረብ። እኔ ለትምህርቱ ትልቁን ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው። በተራው እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሲክስዝ ፎርም የሚባለው ከ16 እስከ 18 ዓመት ያለው የሁለት ዓመት ትምህርት ነው። አንዳንዱ ልጅ በነበረበት ትምህርት ቤት ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ወደ ሲክስዝ ፎርም ኮሌጅ ይዛወራል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ የለም። በዚህ ደረጃ የሚወሰደው እያንዳንዱ ትምህርት ኤ ሌቭል ይባላል፤ አብዛኛው ተማሪ ሦስት ይወስዳል። እስከ 12ኛ ክፍል ሁሉንም ነገር ስንማር ለኖርን ሰዎች ሦስት ብቻ መሆኑ ያስደነግጣል። ግን ሦስት ስለሆኑ ጠለቅ ይላሉ።

በእንግሊዝ ፖለቲካን የሚፈትኑት ቦርዶች ኤዴክሴልና ኤኪውኤ ናቸው። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው። አሁን ያለው ሥርዓተ ትምህርት መሰጠት የጀመረው በ2017 ነው (ለይቼ ካልተናገርኩ በስተቀር ዓመቶቹን በፈረንጆች ቆጥሬያለሁ)። በሁለቱም ቦርዶች ሦስት ፈተና አለ፤ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሦስቱም የሚመጡት በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ነው። ቤት ተሠርቶ የሚገባ ጽሑፍ የለም፤ በየመንፈቁ እየተጠራቀመ የሚደመር ነጥብም የለም። የሁለት ዓመት ልፋት በስድስት ሰዓት ይመዘናል። ስኮትላንድ ፈተናው ሌላ ነው፤ ዌልስም የራሷ ቦርድ አላት።

ልጁ ፖለቲካን ቀድሞ እንዲያውቅ አይጠበቅም። በጂሲኤስኢ ደረጃ በዚህ ስም የሚሰጥ ትምህርት የለም። ትምህርት ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚያዩት የእንግሊዝኛና የታሪክ ውጤቱን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ብዙ ይነበባል፣ ብዙ ይጻፋል።

33.7 በመቶ እንዴት 63 በመቶ ይሆናል?

ኮርሱ ከብሪታንያ ይጀምራል። ዴሞክራሲና ተሳትፎ፣ ፓርቲዎች፣ የምርጫ ሥርዓት፣ የመራጮች ባህሪ፣ ሚዲያ። ርዕሶቹ ደረቅ ይመስላሉ። የጁላይ 4 ቀን 2024ን ምርጫ ስታስገቡባቸው ግን ሕይወት ይዘራሉ።

በዚያ ምርጫ ሌበር 33.7 በመቶ ድምፅ አገኘ። ከ650 መቀመጫ የወሰደው ግን 411 ነው፤ 63 በመቶ ማለት ነው። ሪፎርም ዩኬ 14.3 በመቶ ድምፅ አግኝቶ 5 መቀመጫ ደረሰው። ሊበራል ዴሞክራቶች ከሪፎርም ያነሰ፣ 12.2 በመቶ ድምፅ ነበራቸው። መቀመጫቸው ግን 72 ነው።

ማንም ድምፅ አልሰረቀም። ሥርዓቱ ራሱ እንዲህ ነው የተሠራው። አገሪቱ በ650 የምርጫ ክልሎች ተከፍላለች። በየክልሉ ከሌሎቹ በአንድ ድምፅ እንኳ የበለጠ እጩ ያሸንፋል። ግማሹን ማለፍ አይጠበቅበትም። ሁለተኛ የወጣው ባዶ እጁን ይመለሳል። የሪፎርም ደጋፊዎች በመላ አገሪቱ ተበትነው ስለነበር በብዙ ቦታ ሁለተኛና ሦስተኛ ወጡ። የሊበራል ዴሞክራቶች ደጋፊዎች በተወሰኑ አካባቢዎች፣ በተለይ በደቡብ እንግሊዝ፣ ተሰባስበው ነበር። ፓርቲውም ጉልበቱን ያፈሰሰው ማሸነፍ በሚችልባቸው ቦታዎች ላይ ነው።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ በማግኘት እንደሚመረጡ ይደነግጋል። በ2015ቱ ምርጫ፣ በእኛ 2007፣ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ወሰዱ። ያንን ውጤት ያመጣው የምርጫ ሥርዓቱ ብቻ ነው ብሎ መከራከር የዋህነት ነው። ግን ተቃዋሚን የመረጠው ሰው ድምፅ ወደ አንዲት ወንበር እንኳ ያልተቀየረበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። አባትና ልጅ እራት ላይ ሊያወሩበት የሚችሉት ጉዳይ ነው።

ፈተናው ላይ የሚመጣው ጥያቄ ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ብሪታንያ ለፓርላማ ምርጫ ተመጣጣኝ ውክልናን መጠቀም አለባት የሚለውን አስተያየት መዝን።» ተመጣጣኝ ውክልና ማለት ፓርቲዎች መቀመጫ የሚካፈሉት ባገኙት ድምፅ ልክ ነው ማለት ነው። ልጁ የ2024ን ቁጥሮች አውጥቶ «ፍትሕ የለም» ብሎ ቢጨርስ አይበቃውም። የምርጫ ክልሉ ሰው «የእኔ ተወካይ» የሚለው አንድ የታወቀ ሰው ማግኘቱ ጥቅም አለው። መንግሥት ቶሎ መመሥረቱም ጥቅም አለው። ስኮትላንድ 129 የፓርላማ አባላቷን የምትመርጠው በቅይጥ ሥርዓት ነው፤ 73ቱ ከምርጫ ክልል፣ 56ቱ ከፓርቲ ዝርዝር ይመጣሉ። እዚያ ምን ታየ? ሰሜን አየርላንድስ? ደግሞ በ2011 መራጩ ራሱ የምርጫ ሥርዓቱ ይቀየር ወይ ተብሎ በሕዝበ ውሳኔ ተጠይቆ 67.9 በመቶው አይቀየር ብሏል። እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪ አንድ ነገር ይጨምራል፤ በዚያን ጊዜ የቀረበው አማራጭ ራሱ ተመጣጣኝ ውክልና አልነበረም። ስለዚህ ሕዝቡ ተመጣጣኝ ውክልናን እምቢ ብሏል ማለት አይቻልም። ነጥብ የሚመጣው ከእንዲህ ያለች ማስተዋል ነው።

እዚሁ ክፍል ውስጥ የመምረጥ መብት እንዴት እየሰፋ እንደመጣ ይማራሉ። የ1832ቱ ሕግ፣ በ1918 ከ30 ዓመት በላይ ያሉ ሴቶች በከፊል፣ በ1928 ሴቶች ከወንዶች እኩል፣ በ1969 ደግሞ ዕድሜው ወደ 18 መውረዱ። ለሴቶች መብት የታገሉት ሰፍራጄቶች ሲነሱ ልጁ ሲልቪያ ፓንክረስት የሚል ስም ያገኛል። ያኔ ወላጅ የሚናገረው ነገር አለው። ይህች ሴት ከ1936 ጀምሮ ጋዜጣ አቋቁማ የፋሽስት ወረራን ስትቃወም ለኢትዮጵያ የተሟገተች ናት። በ1956 አዲስ አበባ ገባች፤ በ1960 እዚያው አረፈች። መቃብሯ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። የለንደኑ መምህር ይህንን የታሪኩን ክፍል ላያነሳው ይችላል፤ ፈተናውም አይጠይቅም። ልጁ ግን ትምህርቱ የራሱም ታሪክ እንደሆነ ይሰማዋል።

አንድ ላይ ያልተጻፈው ሕገ መንግሥት

ሁለተኛው ክፍል የመንግሥት አወቃቀር ነው። ለእኛ ሰው ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ላይ ይመጣል፤ ብሪታንያ በአንድ ሰነድ የተጠረዘ ሕገ መንግሥት የላትም። ያላት ፓርላማ በየዘመኑ ያወጣቸው ሕጎች፣ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች፣ ደግሞም በሕግ ያልተደነገጉ ግን ሁሉም ያከብራቸዋል ተብለው የሚታመኑ ልማዶች ድምር ነው። የሁሉም ማሰሪያ አንድ መርህ ነው። ፓርላማ የበላይ ነው፤ ያወጣውን ሕግ የሚሽር ፍርድ ቤት የለም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የርዋንዳ ጉዳይ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። የወግ አጥባቂዎች መንግሥት በትንንሽ ጀልባ የሚገቡ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ርዋንዳ እልካለሁ ብሎ በ2022 ተዋዋለ። በኖቬምበር 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ዳኞች ሙሉ ድምፅ እቅዱ ሕገ ወጥ ነው አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ሰዎቹ ከርዋንዳ ወደ ሸሹት አገር የመመለስ እውነተኛ አደጋ አለባቸው። በሌላ አገር ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እዚህ ግን በኤፕሪል 2024 ፓርላማው ርዋንዳ አስተማማኝ አገር ናት ብሎ በሕግ ደነገገ። ፍርድ ቤቱ ስለ ሐቁ የደረሰበትን ድምዳሜ ሕግ አውጪው በሕግ ቀየረው። ወዲያው ምርጫ መጣ፤ በጁላይ ሌበር ገብቶ እቅዱን ጣለው።

ብዙ የእኛ ሰዎች ጉዳዩን በፍርሃት ሲከታተሉ ከርመዋል። ተማሪው ግን ከዚህ ታሪክ ሦስት ጥያቄ ያወጣል። የፓርላማ የበላይነት ለዴሞክራሲ ይጠቅማል ወይስ አደገኛ ነው? አብዛኛውን መቀመጫ የያዘ መንግሥት ፓርላማውን እንዳሻው የሚያዘው ከሆነ የበላዩ ፓርላማ ነው ወይስ ጠቅላይ ሚኒስትሩ? ዳኞችስ ፖለቲካ ውስጥ ገብተዋል ወይስ ሥራቸውን ሠርተዋል?

ለመጨረሻው ጥያቄ ሌላ ምሳሌ ይጠራል። በ2019 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቦሪስ ጆንሰን የብሬግዚት (ከአውሮፓ ኅብረት የመውጣት) ክርክር በተፋፋመበት ሰዓት ፓርላማውን ለአምስት ሳምንት አዘጉት። ሴፕቴምበር 24 ቀን 11 ዳኞች አንድም ሳይለዩ መዘጋቱ ሕገ ወጥ ነው አሉ። ላይ ላዩን ሲታይ ከርዋንዳው ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ አንዱ ጋ ፍርድ ቤቱ አሸነፈ፣ ሌላው ጋ ተሸነፈ። ግጭት የለም። በ2019 ፍርድ ቤቱ የተጋፈጠው ሥራ አስፈጻሚውን ነው፤ ያደረገውም ለፓርላማ ማገዝ ነው። በ2024 የመጣው ግን ራሱ ፓርላማው ነው። ይህችን ልዩነት በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚያስቀምጥ የ17 ዓመት ልጅ ካያችሁ ትምህርቱ ገብቶታል።

ከእኛ ጋር ማነጻጸርም ይቻላል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ106 አንቀጾች ተጽፏል። እሱን የመተርጎም የመጨረሻ ሥልጣን ያለው ግን ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አሜሪካኖቹ ያንን ለዘጠኝ ዳኞች ሰጥተውታል። ሦስት አገር፣ ሦስት መልስ።

ማርክስ ተመልሶ መጣ

ሦስተኛው ነገር የፖለቲካ ሐሳቦች ናቸው። ሊበራሊዝም፣ ወግ አጥባቂነትና ሶሻሊዝም የግድ ናቸው። ከዚያ ሌላ አንድ ይመረጣል፤ አናርኪዝም፣ ፌሚኒዝም፣ ብሔርተኝነት፣ የብዝኀ ባህል ወይም የአካባቢ ጥበቃ አስተሳሰብ። እዚህም የሚመርጠው ባብዛኛው መምህሩ ነው።

የደርግን ዘመን የቀመሰ ወላጅ የልጁ ደብተር ላይ ማርክስና ኤንግልስን ሲያይ ፊቱ ቢለዋወጥ አይፈረድበትም። የውይይት ክበብ ተቀምጦ ያደመጣቸው ስሞች ናቸው። ልዩነቱ ያኔ መልሱ ቀድሞ የተወሰነ መሆኑ ነው። እዚህ በኤዴክሴል ኮርስ ማርክስ የሚቀመጠው ከሮዛ ሉክሰምበርግ፣ ከቢያትሪስ ዌብ፣ ከክሮስላንድና ከጊደንስ ጋር ነው። ሁሉም ሶሻሊስት ይባላሉ፤ እርስ በርስ ግን አይስማሙም። አንዱ አብዮት ይላል፣ ሌላው በምርጫ ቀስ በቀስ ይላል፣ ሌላው ገበያውንም ይቀበላል። ጥያቄው «ሶሻሊስቶች መንግሥት ስላለው ሚና ምን ያህል ይስማማሉ?» ዓይነት ነው። መፈክር አጥንቶ የመጣ ልጅ እዚህ ጋ ይወድቃል።

በእኔ አስተያየት ለሐበሻ ልጅ ከሁሉም የሚጥመው ብሔርተኝነት ነው። መምህሩ ቢመርጠው ዕድለኛ ነው። ሩሶ አለ፤ አገርን የሚያቆመው ዜጎች በጋራ ራሳቸውን ለማስተዳደር ያላቸው ፈቃድ ነው የሚለውን መስመር ይወክላል። ሄርደር አለ፤ ሕዝብን ሕዝብ የሚያደርገው ቋንቋው፣ ባህሉና ትውፊቱ ነው ይላል። እኛ ቤት በየቀኑ በቴሌቪዥንና በዩቲዩብ የሚጮኸው «የዜግነት ፖለቲካ» እና «የብሔር ፖለቲካ» ክርክር ከ200 ዓመት በፊት ሌላ አህጉር ላይም ሲካሄድ ነበር። ልጁ ይህን ሲያይ አጎቶቹ ለምን እንደሚጣሉ ይገባዋል። ማን ትክክል እንደሆነ አይነግሩትም። ሁለቱም ወገን ከየት ተነስቶ እንደሚያስብ ግን ያውቃል። በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ማርከስ ጋርቬይም አለ፤ ጥቁር ሕዝቦች በራሳቸው እንዲኮሩና አንድ እንዲሆኑ የታገለው ጃማይካዊ። ክፍል ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ አንድ ቃል ለመናገር የሚፈልግ ልጅ እዚህ ጋ በሩ ክፍት ነው።

ስለ ፌሚኒዝም አንድ ነገር ልጨምር። በ2015 መንግሥት ያወጣው የሥርዓተ ትምህርት ረቂቅ ፌሚኒዝምን እንደ ራሱን የቻለ ርዕስ አውጥቶት ነበር። የሲክስዝ ፎርም ተማሪ የሆነች ልጅ የተቃውሞ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረች፤ ብዙ ሰው ተከተላት። መንግሥት ሐሳቡን ቀይሮ መለሰው። እና ዛሬ ተማሪዎች ስለ ግፊት ቡድኖች ሲማሩ የራሳቸው ሥርዓተ ትምህርት በግፊት የተቀየረ መሆኑን መጥቀስ ይችላሉ።

አሜሪካ ወይስ ዓለም?

በኤዴክሴል ሦስተኛው ፈተና ሁለት መንገድ አለው፤ የአሜሪካ ፖለቲካ ወይም ዓለም አቀፍ ፖለቲካ። በኤኪውኤ ምርጫ የለም፤ አሜሪካ ነው።

አሜሪካ የተመረጠ እንደሆነ ንጽጽሩ ቀጥተኛ ነው። ሕገ መንግሥቱ በ1787 ተጽፎ 27 ጊዜ ብቻ ተሻሽሏል። ለማሻሻል የሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛና ከ50 ግዛቶች የ38ቱ ስምምነት ያስፈልጋል። ዳኞቹ ዕድሜ ልክ ይሾማሉ። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከ1973 ጀምሮ የቆየውን የጽንስ ማቋረጥ መብት ሲያነሳ የአንድ ዳኛ ሹመት ለስንት ዓመት እንደሚያስተጋባ ታይቷል። ዲሲና ሜሪላንድ ዘመድ ያለው ልጅ ደግሞ ምሳሌ አያጣም፤ ስልክ መደወል ነው።

ዓለም አቀፉ መንገድ የተባበሩት መንግሥታትን፣ አይኤምኤፍ፣ የዓለም ባንክ፣ ኔቶ፣ ሰብአዊ መብት፣ አካባቢ፣ የአውሮፓ ኅብረት ያካትታል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ካሉት ክልላዊ ድርጅቶች መካከል የአፍሪካ ኅብረትም ይነሳል፤ መቀመጫው አዲስ አበባ። ሁሉንም የሚያስተሳስራቸው የሁለት አስተሳሰቦች ሙግት ነው። አንዱ አገሮች በመጨረሻ የሚተማመኑት በጉልበታቸው ብቻ ነው ይላል። ሌላው ሕግ፣ ንግድና የጋራ ተቋማት ጉልበትን ሊገሩት ይችላሉ ይላል። ይህን ለልጃችሁ ለማስረዳት ሌላ መጽሐፍ አያስፈልግም። ጁን 30 ቀን 1936 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ የመንግሥታት ማኅበርን ሲማጸኑ ሁለቱም አስተሳሰቦች በአንድ አዳራሽ ውስጥ ነበሩ። ንጉሡ የተማመኑት በሕግና በጋራ ጸጥታ ነው። ትልልቆቹ አገሮች ያሰቡት ግን ጣሊያንን ላለማስቀየም ነው። በ1945 የተተካው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትስ ለአምስት አገሮች ውሳኔን ብቻቸውን የመሻር መብት (ቬቶ) ሰጥቶ ችግሩን ፈታው ወይስ በሕግ አጸናው? ጥሩ የፈተና ጥያቄ ይወጣዋል።

ነጥብ የሚሰጠው ለምንድን ነው?

የእኛ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ነው። ልጁ ስሞችን፣ ዓመተ ምሕረቶችን፣ አንቀጾችን ሸምድዶ ቢገባ የሚያገኘው ሲሶውን ነው። በኤዴክሴል ባለ 30 ነጥቡ ጥያቄ 10 ለእውቀት፣ 10 ለትንተና፣ 10 ለምዘና ይሰጣል። እውቀት «ምን ሆነ» ነው። ትንተና «ይህ ለምን ይህንን ያሳያል» ነው። ምዘና ደግሞ «ከሁለቱ ክርክሮች የትኛው ይከብዳል፣ ለምን» ነው። ጥያቄው ራሱ አስተያየቱንም ተቃራኒውንም ሚዛኑን ጠብቀህ አቅርብ ብሎ ያዛል። አንድ ወገን ብቻ የጻፈ ልጅ እንግሊዝኛው የቱንም ያህል ቢያምር የነጥብ ጣሪያው ዝቅ ይላል።

ግን «በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል» እያሉ መሐል ላይ መስፈርም አያዋጣም። መፍረድ አለበት። ፍርዱ ደግሞ መጨረሻ አንቀጽ ላይ ዱብ ማለት የለበትም፤ ከመግቢያው ጀምሮ መታየት፣ በየአንቀጹ መጠናከር አለበት። ስለዚህ ለልጃችሁ የሚጠቅመው ልምምድ ይህ ነው፦ አጥብቆ የሚያምንበትን ነገር ጠይቁት፣ ከዚያ የተቃዋሚውን ወገን እንዲሟገት አድርጉት። ስደትን ደግፎ የሚቆጣ ልጅ ስደት ይገደብ የሚሉ ሰዎችን ክርክር ሳያላግጥ ማቅረብ ይችላል? መጀመሪያ ያመዋል። ከዚያ ይለምደዋል። እኛ ትልልቆቹ ሳንለምደው የቀረነው ነገር ነው፤ የማኅበር ስብሰባዎቻችንን ያየ ያውቀዋል።

ሰዓቱም ጨካኝ ነው። በኤዴክሴል የመጀመሪያውና ሁለተኛው ፈተና ሁለት ባለ 30 እና አንድ ባለ 24 ጥያቄ በሁለት ሰዓት ይጻፋል። አንዱ ጽሑፍ ከአርባ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ያውም በእጅ። ኤኪውኤ አከፋፈሉ ይለያል፤ ሦስት ባለ 9 አጫጭር ጥያቄዎችና ሁለት ባለ 25 ጽሑፎች አሉት። አጭር መልስ የሚቀናው ልጅ ኤኪውኤን ይወደዋል።

መምህሩ ልጄን የራሱ ፓርቲ ቢያደርግብኝስ? ፍርሃቱ ይገባኛል። በእንግሊዝ የ1996ቱ የትምህርት ሕግ አንቀጽ 406 እና 407 ለዚህ ነው ያሉት። ትምህርት ቤት ወገንተኛ የፖለቲካ አመለካከትን ማስፋፋት አይችልም፤ አከራካሪ ጉዳይ ሲነሳ የተለያዩት አመለካከቶች በሚዛን መቅረብ አለባቸው። መምህር ሰው ነውና አልፎ አልፎ ያፈተልከዋል። ያኔ ወላጅ ቅሬታ የሚያቀርብበት ሕግ አለው።

ዩኒቨርሲቲስ?

ሕክምና የሚያስብ ልጅ ኬሚስትሪ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ቦታ ባዮሎጂም። ሦስተኛውን ግን ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ክፍት ይተዉታል፣ ፖለቲካ ቢሆን ቅር አይላቸውም። ኢንጂነሪንግ ሒሳብና ፊዚክስ ይፈልጋል፤ ሦስተኛው ላይ እንደ ዩኒቨርሲቲው ማየት ነው። ሕግ ለመማር የሕግ ኤ ሌቭል አያስፈልግም፤ ተከራክሮ መጻፍ የሚያስተምር ትምህርት ግን ያግዛል። የሚገርመው ፖለቲካን ዩኒቨርሲቲ ለማጥናት ራሱ ፖለቲካን በኤ ሌቭል መማር አለመጠየቁ ነው። በኦክስፎርድ ፍልስፍና፣ ፖለቲካና ኢኮኖሚክስን አጣምሮ የሚሰጠው ታዋቂ ትምህርትም አይጠይቅም፤ ይልቅ ሒሳብ ቢኖር ይመከራል።

ስለዚህ «በር ይከፍትለታል» ብላችሁ አታስገድዱት፣ «በር ይዘጋበታል» ብላችሁም አትከልክሉት። የማይመጥነው ልጅ ግን አለ። ዜና የማያይ፣ ማንበብ የሚሰለቸው፣ አንድ ትክክለኛ መልስ ካላገኘ እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ ይሰቃያል። «ቀላል ነው፣ ወሬ ነው» ተብሎ ተነግሮት የሚገባም አለ። እሱ ገና በዓል ሳይደርስ ይነቃል። አብዛኛው ትምህርት ቤት በመስከረም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትምህርት መቀየር ይፈቅዳል፤ ከዚያ በኋላ ይከብዳል።

አንድ የመራጭነት ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ብዙ ቤት ውስጥ ግራ ሲያጋባ አያለሁ። እዚህ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የናይጄሪያ፣ የጋና ወይም የኬንያ ዜጋ በብሪታንያ የፓርላማ ምርጫ ድምፅ መስጠት ይችላል፤ አገሮቹ የኮመንዌልዝ አባላት ናቸውና። የኢትዮጵያና የኤርትራ ፓስፖርት የያዘ ሰው አይችልም። ዜግነት እስኪያገኝ ይጠብቃል። በስኮትላንድና በዌልስ ግን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋም ለአካባቢ ምክር ቤቶችና ለራሳቸው ፓርላማዎች ይመርጣል፤ ከ16 ዓመት ጀምሮ። በጁላይ 2025 የብሪታንያ መንግሥት ለፓርላማ ምርጫም ዕድሜውን ወደ 16 አወርዳለሁ ብሎ አስታውቋል። የእንግሊዝ ዜግነት ያለው ልጅ ከወላጁ ቀድሞ ድምፅ የሚሰጥበት ቤት ብዙ ነው። ይህ ራሱ ስለ መራጭነት መብት ለሚጻፍ ጽሑፍ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ልጁ ይጠቀምበት።

ከመመዝገቡ በፊት ትምህርት ቤቱን ሦስት ነገር ጠይቁ። ቦርዱ የትኛው ነው? አሜሪካ ነው ወይስ ዓለም አቀፍ? ከተመራጮቹ ሐሳቦች የትኛው ይሰጣል? ልጁ ፍላጎቱ ስለ አፍሪካና ስለ ዓለም ከሆነ፣ ሁለት ዓመት ስለ አሜሪካ ሴኔት ሲማር ቢያኮርፍ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

መጽሐፍ ስትገዙ ደግሞ የታተመበትን ዓመት እዩ። ስለ ብሪታንያ የሚያወራው ከጁላይ 2024 በፊት የታተመ ከሆነ መንግሥቱም፣ የፓርቲዎቹ ቁመናም፣ ቁጥሮቹም አርጅተዋል፤ ፈታኝ ደግሞ አዲስ ምሳሌ ይወዳል። ክፍተቱን ዜና ይሞላዋል። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቀርበው ሲጠየቁ ማየት በነጻ ነው። የሐሳቦቹ መጽሐፍ ግን ያው ነው። የሊበራሊዝሙ ሎክና ማርክስ አዲስ ነገር አልተናገሩም። ለእሱ የጎረቤት ልጅ የጨረሰችውን መበደር ይበቃል፤ ቦርዱ አንድ ይሁን እንጂ።